የሐኪም ሊስተር ታሪክ

በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ሊስተር የሚባል አንድ ታላቅ ሐኪም ነበረ። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ አገር ባለ ሐኪም ቤት ነርሷ በሽተኛውን ከመንካትዋ በፊት እጅዋን ስትታጠብ፥ መርፌ የሚገባበትንም ቦታ በአልኮል ስትወለውል የምትታየው፥ ከብዙ ምክንያት አንዱ ይህ ሰው ስለ ኖረ ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊስተር የተወለደው በኤፕሪል 5 ቀን 1827 ዓመት ከለንደን አጠገብ አፕተን በምትባል መንደር ነው። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን ከንግዱ ሥራ ባረፈ ጊዜ መስተዋት እየሞረደ ማይክሮስኮፕ የሚባለውን አጉሊ መሣሪያ ለማሻሻል ይደክም ነበረ። ከእርሱ በፊት በነበሩት መሣሪያዎች የሚታየው ነገር ሁሉ ጠርዙ እንደ ቀስተ ደመና እየተቀባ ይደበዝዝ ነበረ። እርሱ ግን መስተዋቶቹን በልክ አጋጥሞ ነገሩ ጥርት ብሎ እንዲታይ አደረገ፤ ስለዚህም ሥራው ከሊቃውንት ማኅበር ተቈጠረ። ትንሹ ጆሴፍም በአባቱ መሣሪያ እየተመለከተ አደገ። በዓይን የማይታይ ነገር በእውነት እንዳለ በሕፃንነቱ ስላወቀ፥ ኋላ ሌሎች ሐኪሞች ሲጠራጠሩ እርሱ ለማመን አልተቸገረም።

ቤተ ሰቡ ኵዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በአለባበሳቸውና በንግግራቸው ጌጥን የማይወዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ያሉት ትላልቅ ትምህርት ቤቶች ከአገሩ ቤተ ክርስቲያን ወገን ላልሆነ ሰው ማዕርግ አይሰጡም ነበረና ሊስተር በለንደን ባለው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ። በ1852 ዓመትም የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ።

በዚያ ዘመን የነበረው ሐኪም ቤት ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም አሮጌ ካፖርት ይለብስ ነበረ፤ ካፖርቱም የብዙ ሰው ደም ደርቆበት እንደ ቆዳ የጠነከረ ነበረ። ይህም ለብዙ ሐኪም የብልኃቱና የሥራው ብዛት ምልክት ይመስለው ነበረ እንጂ አያሳፍረውም። ቢላዋውን በካፖርቱ ጠርጎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ያልፋል፤ ቁስል የጠረገበትን ስፖንጅ በአንድ ሳህን ውሃ አለቅልቆ የሌላውን ቁስል ይጠርግበታል። እጁን የሚታጠበው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነበረ። ቁስል መግል ሲይዝ ጥሩ ምልክት ነው ይሉ ነበረ። ቁስሉ ጠቍሮ በሸተተና በሽተኛው በሞተ ጊዜ ግን በሽታው የመጣው ከክፉ አየር ነው እያሉ መስኮት ይከፍቱ ነበረ።

በ1846 ዓመት ኤተር የሚባል መድኃኒት ተገኝቶ በሽተኛው አንቀላፍቶ ሳለ ሕመም ሳይሰማው መቅደድና መስፋት ተቻለ። ሊስተር ገና ተማሪ ሳለ በለንደን ይህ የመጀመሪያው ሥራ ሲደረግ በዚያ ቆሞ ተመልክቷል ይባላል። ሕዝቡም እጅግ ደስ አለው። ነገር ግን ሕመሙ ስለ ቀረ ሐኪሞቹ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሰው መቅደድ ጀመሩ፤ የተቀደዱትም ሰዎች ከሥራው ድነው ከጥቂት ቀን በኋላ ቁስላቸው እየመገለ ይሞቱ ነበረ። ይልቁንም አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውን በስቶ የወጣበት ሰው ተስፋው ትንሽ ነበረ። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ ሰው ይድናል፤ ቆዳው የተቀደደ ግን እግሩ ካልተቈረጠ አይድንም፤ ተቈርጦም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ወጣቱ ሐኪም ይህን ልዩነት እያየ ብዙ ጊዜ ያስብ ነበረ። ስብራቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቆዳው ብቻ ነው። እንግዲህ በተከፈተው በር አንድ ነገር ይገባል ማለት ነው።

በ1853 ዓመት ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በኤዲንበርግ ከተማ ጄምስ ሳይም ከሚባል ከታወቀ ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆነ። ወደዚያ የሄደው ለጥቂት ጊዜ ለመጐብኘት ነበረ፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ያህል ቈየ። በ1856 ዓመትም የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። ልጅ አልወለዱም። አግነስ ግን በሥራው ሁሉ ረዳቱ ሆነች፤ እርሱ በቤቱ ሲመረምርና ሲፈትን እርስዋ አጠገቡ ተቀምጣ የሚነግራትን በመዝገብ ትጽፍ ነበረ። ዛሬ ያሉት የሊስተር መዝገቦች ብዙዎቹ በእርስዋ እጅ የተጻፉ ናቸው።

በ1860 ዓመት በግላስጎው ከተማ የቀዶ ጥገና መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በማግሥቱም ዓመት በከተማው ትልቅ ሐኪም ቤት ክፍሎች ተሰጡት። የተሰጡት ክፍሎች አዲስ የተሠሩ ሲሆኑ ሰዎች በብዛት ይሞቱባቸው ነበረ። ምክንያቱ ምን ይሆን ብለው አጠገቡ ያለውን መሬት በቈፈሩት ጊዜ በ1849 ዓመት በኮሌራ የሞቱ ሰዎች ሣጥን ከመሬቱ ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ተደራርቦ ተገኘ። ሊስተር አልጋዎቹን አራራቀ፥ ክፍሎቹን አስጠረገ፥ እጁን አዘውትሮ ታጠበ፤ ሞት ግን አልተቋረጠም።

ወሬው የመጣለት ከሐኪም አልነበረም። በ1865 ዓመት ቶማስ አንደርሰን የሚባል የኬሚስትሪ መምህር በፈረንሳይ አገር ያለው ሉዊ ፓስተር የጻፈውን እንዲያነብ ነገረው። ፓስተር ወይን ጠጅ የሚኮመጥጠው፥ ወተት የሚረጋው፥ ሥጋም የሚሸተው በአየር ብቻ ሳይሆን በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ረቂቃን ተሐዋስያን እንደ ሆነ አሳይቶ ነበረ። ሊስተር ይህን ባነበበ ጊዜ ሥጋ በድስት ውስጥ የሚሸተውና ቁስል በሰው ገላ ላይ የሚሸተው ነገሩ አንድ መሆኑን አሰበ። ፓስተር እነዚህን ተሐዋስያን በእሳት በማፍላት፥ ወይም በማጥለል፥ ወይም በመድኃኒት ማጥፋት እንደሚቻል ጽፎ ነበረ። የሰውን እግር ማፍላት ወይም ማጥለል አይቻልም፤ የቀረው መድኃኒት ብቻ ነበረ።

የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን እድፍ ተሸክሞ ሲወርድ ሽታውን የሚያውቅ ልጅ የሚከተለውን ነገር ፈጥኖ ያስተውለዋል። በእንግሊዝ አገር ካርላይል በምትባል ከተማ የከተማውን እድፍ ውሃ በመስክ ላይ ያፈስሱ ነበረና ሽታው አስቸገራቸው። ስለዚህ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ካርቦሊክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ጥቂት ቢጨምሩበት ሽታው ጠፋ። ከዚህም በላይ በዚያ መስክ ይግጡ የነበሩት ከብቶች ከያዛቸው በሽታ ዳኑ። ሊስተር ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን አስመጣ። አንድ ታላቅ የሕክምና ሥራ ከእድፍ ቦይ መጀመሩ ያስደንቃል።

የመጀመሪያው ፈተናው አልሠመረለትም፤ በሽተኛው ሞተ። ሊስተር ግን ጥፋቱ በአሠራሩ እንጂ በሐሳቡ እንዳልሆነ ተረድቶ ጠበቀ። በኦገስት 12 ቀን 1865 ዓመት ጄምስ ግሪንሊስ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሐኪም ቤቱ መጣ። በመንገድ ላይ የጋሪ መንኰራኵር በግራ ቅልጥሙ ላይ ወጥቶበት አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ተቀዶ ነበረ። በልማዱ ቢሆን እግሩ ይቈረጥ ነበረ። ሊስተር ግን ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ አጠበው፤ በዚያው መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ አለበሰው፤ መድኃኒቱም እንዳይተን በላዩ ስስ የብረት ቅጠል ደርቦ እግሩን በሰሌዳ አሰረው። አራት ቀን ሳይፈታው ቈየ። በአራተኛው ቀን ጨርቁን ሲያነሣ የመግል ሽታ ይመጣል ብሎ ቀረበ፤ የመግል ሽታ አልነበረም። መድኃኒቱ ቆዳውን ጥቂት አቃጥሎት ነበረና በኋላ አቅጥኖ ጨመረበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጠመ፤ ልጁም በሁለት እግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ፥ በኦገስት 13 ቀን፥ በአውስትሪያ አገር ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሌላ ሐኪም ሞተ። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም ነበረ። ዜመልቫይስ በ1847 ዓመት በቪየና ሐኪም ቤት የሚወልዱ ሴቶች የሚሞቱት ሐኪሞች ሬሳ መርምረው እጃቸውን ሳያጸዱ ስለሚመጡ መሆኑን አውቆ፥ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ የሚሞቱትም እጅግ አነሱ። ነገር ግን ሐኪሞቹ በእጃችን ሰው ገደልን ማለት ስለ ከበዳቸው አልተቀበሉትም። እርሱም ተቈጥቶ ተሟገተ፤ በመጨረሻም አእምሮው ታውኮ በአእምሮ በሽተኞች ቤት ሞተ። ለብዙ እናቶች ሕይወት የደከመ ሰው እንዲህ መሞቱ የሚያሳዝን ነው።

ሊስተር ሥራውን በ1867 ዓመት ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች ጋዜጣ አሳተመ። በዚያው ዓመት እኅቱ ኢዛቤላ ጡትዋን በካንሰር ታመመች። ሌሎች ሐኪሞች አይሆንም ብለዋት ወደ ወንድምዋ መጣች። እርሱም የገዛ እኅቱን መቅደድ ከብዶት ከአማቱ ከሳይም ዘንድ ሄዶ ተማከረ፤ ከዚያም በግላስጎው በነበረው ቤቱ፥ በምግብ ጠረጴዛው ላይ፥ በመድኃኒቱ ተጠንቅቆ ቀደዳት። ቁስልዋ ሳይመግል ዳነ። ካንሰሩ ኋላ ተመልሶ እስኪወስዳት ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ኖረች። በቃሉ የሚያስተምረውን ነገር በራሱ ቤት ሰው ላይ ለመሥራት የደፈረ ሐኪም እንዲህ ያለ ነበረ።

ሊስተር ያዳናቸውንና የሞቱበትን በቍጥር አስታወቀ። መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት እጅ ወይም እግር ከተቈረጠባቸው 35 ሰዎች 16 ሞተው ነበረ። ከጀመረ በኋላ ግን ከ40 ሰዎች የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። ይህን እያዩም ብዙ ሐኪሞች ሳቁበት። ተሐዋስያኑ ወዴት አሉ፥ እስቲ እንያቸው ይሉ ነበረ። አንዳንዶችም ሥራውን በግማሽ ብቻ ያደርጉት ነበረ፤ ጨርቁን በመድኃኒት ነክረው በታመመ እጃቸው ይነካሉ፥ የወደቀውን ቢላዋ አንሥተው እንደ ገና ይሠሩበታል፤ ከዚያም አልረባም ብለው ይተዉታል። እውነት ለመናገር መድኃኒቱም ቀላል አልነበረም፤ የሐኪሙን እጅ ያነጣዋል፥ ያደነዝዘዋል፥ ይሰነጥቀዋል። ሊስተር ግን ቁስል ማሰሪያውን ደግሞም ከበግ አንጀት የሚሠራውን የመስፊያ ክር እያሻሻለ ቀጠለ።

እርሱም አልተሳሳተም ማለት አይደለም። ተሐዋስያኑ ከሁሉ ይልቅ ከአየር ይወርዳሉ ብሎ ስላሰበ በ1871 ዓመት ካርቦሊክ አሲዱን እንደ ጉም የሚረጭ መሣሪያ አበጀ። የሚረዱት ሰዎች በዚያ ጉም ውስጥ እየሳሉ ዓይናቸውም እያነባ ይሠሩ ነበረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ሳለች በብብትዋ እባጭ ወጣባትና ሊስተር ተጠራ። እባጩን ሲያፈርጠው ረጪው በንግሥቲቱ ፊት ላይ ጥቂት ቢደርስ ተቈጣች ይባላል፤ ነገር ግን ፈጥና ዳነች። ከብዙ ዓመት በኋላ ከአየር ይልቅ እጅና መሣሪያ፥ የበሽተኛውም ቆዳ እንደሚያሰጉ በታወቀ ጊዜ ረጪውን ተወው፤ በ1890 ዓመትም በበርሊን በተሰበሰቡ ሐኪሞች ፊት ይህን በመምከሩ እንደሚያፍር በግልጥ ተናገረ። የከበረ ሊቅ በዓለም ሐኪሞች ፊት ተሳስቻለሁ ማለቱ ከመሣሪያው ይልቅ ሊታሰብ ይገባዋል።

በ1869 ዓመት ወደ ኤዲንበርግ ተመልሶ በአማቱ ቦታ ተሾመ፤ በ1877 ዓመትም ወደ ለንደን መጣ። በለንደን ያሉት ሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ ተቃዋሚዎቹ ነበሩ። በዚያው ዓመት የጕልበቱ ሎሚ የተሰበረበት ሰው መጣና ሊስተር ደኅናውን ቆዳ ቀድዶ አጥንቱን በብር ሽቦ ሰፋው። ደኅና ቆዳ መክፈት በዚያን ጊዜ ሰው እንደ መግደል ይቈጠር ነበረ፤ ቢሞት ሊስተር በፍርድ በተከሰሰ ይሉ ነበረ። ሰውየው ግን ዳነ። ከዚህ በኋላ የተቃዋሚዎቹ ቍጥር እየጐደለ ሄደ። በጀርመን አገር ያሉት ሐኪሞችም ሥራውን ወደ ፊት አስኬዱት፤ መሣሪያውንና ጨርቁን በእንፋሎት እየቀቀሉ ተሐዋስያኑ አስቀድሞ እንዲሞቱ አደረጉ።

ይህ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። ሊስተር በግላስጎው ሲደክም፥ በ1868 ዓመት፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ መጥቶ አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ። በዚያ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ በጦሩ መኰንን ተይዞ ወደ ህንድ ተወሰደ። እኒህም ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው፤ በላሆር ሕክምና ተምረው፥ ደግሞም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን ጨምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1896 ዓመትም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቍስለኞችን ለመርዳት ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበረ።

ዛሬ ካርቦሊክ አሲድ ለቁስል አይደረግም፤ ቆዳን ስለሚጐዳ በሌላ መድኃኒት ተለውጧል። የሊስተር ሐሳብ ግን እንዳለ ነው፤ ወደ ገላ የሚያስገባ በር ሁሉ ይጠበቅ የሚል ነው። ይህም በር አንዳንድ ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው መድኃኒትና ውሃ እንዲገባለት በክንዱ የደም ሥር፥ ወይም በአንገቱና በደረቱ በኩል ወደ ልብ በሚቀርበው ትልቅ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይደረግለታል። በቱቦው ጫፍ ስሪንጅ ያለ መርፌ የሚገጠምበት ትንሽ አፍ አለ። ይህ አፍ የተበጀው ነርሶች በመርፌ እንዳይወጉና በሽተኛውም ደጋግሞ እንዳይወጋ ነው። ነገር ግን አፉ አልጋውን፥ ልብሱን፥ የሰውንም ቆዳ ይነካል፤ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖሩት ተሐዋስያን ይያዙበታል። ሳይጸዳ ስሪንጅ ቢገጠምበት ተሐዋስያኑ ከመድኃኒቱ ጋር ተገፍተው በቀጥታ ወደ ደም ይገባሉ። የጋሪ መንኰራኵር ያልነካው ሰው፥ ቁስልም የሌለበት፥ በዚህች ጠባብ በር ደሙ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሁን በሌላ፥ እንዲህ ያለ ቱቦ ባለበት ሁሉ ነርሷ አስቀድማ እጅዋን ታጸዳለች። ቀጥላም በ70 በመቶ አልኮል፥ ወይም ክሎርሄክሲዲን በተጨመረበት አልኮል በተነከረ ጨርቅ ያን አፍ ፊቱንና ዙሪያውን እየጠመዘዘች ትፈትጋለች። አንድ ጊዜ ዳሰስ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ ብዙ ሐኪም ቤቶች እስከ 15 ሰከንድ እንዲፈተግ ያዝዛሉ። ከዚያም እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ አልኮሉ የሚሠራው በሚደርቅበት ጊዜ ነውና። እፍ ብላ አታደርቀውም፤ ከደረቀ በኋላ አንድ ነገር ቢነካው እንደ ገና ትጀምራለች። ንጹሕ አልኮል ከሚሆን ጥቂት ውሃ ያለበት ይሻላል፤ ውሃው አልኮሉ ወደ ተሐዋስያኑ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋልና። በሽተኛው በዚያ ሰዓት ምንም አይሰማውም። ቸኩላ ብትተወው የሚያውቅባት የለም፤ ትኩሳቱም የሚመጣው ኋላ ነው። ሊስተር በቁስል ጨርቅ ግማሽ ሥራ የሠሩትን ሐኪሞች የወቀሰበት ምክንያት ይኸው ነበረ።

በሸመገለ ጊዜ ክብር በላይ በላዩ መጣለት። በዲሴምበር 1892 ዓመት ፓስተር 70 ዓመት በሞላው ጊዜ በፓሪስ በዓል ተደረገለት። ፓስተር በሕመም ደክሞ በሰው ተደግፎ ነበረ፤ ሊስተር የምስጋና ንግግሩን በተናገረ ጊዜ ተነሥቶ በሕዝቡ ሁሉ ፊት አቀፈው። በሚከተለው ዓመት በጸደይ ሊስተርና አግነስ ለዕረፍት ወደ ኢጣልያ ሄደው ሳለ አግነስ በሳንባ በሽታ ታመመችና በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተች። ከዚህ በኋላ ሊስተር በሥራው እንደ ቀድሞው ደስ አላለውም። በ1897 ዓመት የሎርድነት ማዕርግ ተሰጠው።

በ1902 ዓመት ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ሲቀረው በሆዱ ውስጥ እባጭ ወጥቶበት እጅግ ታመመ። ለዚያ በዓል ከየአገሩ መልእክተኞች ተልከው ነበረ፤ ከኢትዮጵያም በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ልዑል ራስ መኰንን ወደ እንግሊዝ ሄደው ነበረ። ሐኪሞቹ ሽማግሌውን ሊስተርን ጠርተው ተማከሩ፤ ከዚያም ንጉሡ ተቀድዶ እባጩ ፈሰሰ። በሊስተር ልጅነት ዘመን ቢሆን የንጉሥን ሆድ የሚከፍት ሐኪም ባልተገኘም ነበረ። ንጉሡ ድኖ በኦገስት ዘውዱን ጫነ።

ሊስተር በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1912 ዓመት በባሕር ዳር ባለች ዎልመር በምትባል መንደር በ84 ዓመቱ ሞተ። የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገለት፤ በዚያም ሊቀብሩት ወደዱ። እርሱ ግን አስቀድሞ ተናዞ ነበረና በለንደን በሐምስቴድ መካነ መቃብር፥ መዝገቡን ስትጽፍለት ከኖረችው ከአግነስ አጠገብ ተቀበረ።